በሕይወት ላለች ጓደኛዬ ያወረድኩት ሙሾ

ሥራዬን የተውኩት ሆስፒታል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ የመኪናውን መስታወት እያጋለች፣ ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ፣ ልጄ ሰብለ ከጎኔ መሪው ጋ እንደተቀመጠች። ኬክ አልተቆረሰልኝም፣ መሰናበቻም አልተደረገልኝም። ሰው "ሥራዎ ምን ነበር?" ሲለኝ እስካሁን ምን እንደምመልስ ግራ ይገባኛል። በአገሬ ቋንቋ አልቃሽ ነኝ። እዚህ ላስ ቬጋስ በፈረምኩት ወረቀት ሁሉ ላይ ግን ዘፋኝ ተብሎ ነው የተጻፈው። ጥቁር የሚለብሱ፣ ዓይናቸውን የሚኳሉ፣ የሐዘን ዘፈን የሚወዱ ፈረንጆች አሉ፤ ሙዚቃቸውን ጎዝ ይሉታል። የእነሱ ዘፋኝ ነበርኩ። በዚህ ከተማ እንዲያ አድርጋ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት ብሎ አንድ ጋዜጣ ጽፎ ነበር አሉ። እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም፣ ያነበቡልኝን ነው የምነግራችሁ።

የአማርኛውንም ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ሱዳን መጠለያ ሳለን ከጎናችን ድንኳን የነበረች አንዲት ሴት በጣቷ አሸዋ ላይ እየጻፈች አስቆጠረችኝ። ነፋስ ሲመጣ ይጠፋል፣ እንደገና እንጀምራለን። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ፣ ወሬዬም ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ። የምጽፈው በምክንያት ነው። በዚህ ወረርሽኝ ሰው የሞተባችሁ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ "እማማ አስካለ፣ ለእናቴ አንድ ስንኝ ይበሉልኝ" ብላችሁኝ እምቢ ብያለሁ። ፈረንጅ አሞግሷት ኮራች ያላችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አልኮራሁም። ፈርቼ ነው።

ሥራውን ያስተማረችኝ አክስቴ ወርቄ ናት። የሦስት አጥቢያ አልቃሽ ነበረች፤ ሰው ሲሞት በቅሎ ይላክላታል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከሰው መሐል ተቀምጣ ያለች የማትመስል ሴት ነበረች። ቤቷ ውስጥ ሙሾ አይሞከርም። እኔ እንኳ እህል ስለቅም ረስቼው ዜማውን ካንጎራጎርኩ ማማሰያ ይዛ ትመጣለች። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ውሃ አስመጥታ እጇን ደጅ ትታጠባለች፣ ከዘመድ አንድ ሰው ወደ ጥግ ትስብና ሦስት ነገር ትጠይቃለች። እጁ ምን ይሠራ ነበር? ሲደነግጥ ማንን ይጠራ ነበር? አሁን የት ነው ያለው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የነገሯትን ትቀበላለች። ሦስተኛውን ግን አታምንም። አስከሬኑን ወይም መቃብሩን በዓይኗ ካላየች አፏን አትከፍትም።

አንድ ጊዜ ዝናብ እየደበደበን፣ የሟች ወንድሞች ዘገየሽ ብለው እየተቆጧት፣ ዳገቱን ወጥታ የመቃብሩን አፈር በእጇ ነክታ ተመለሰች። ስንመለስ ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ጠየቅኳት።

"የሞተ ሰው ሳይኖር ሙሾ ካወረድሽ፣ ስሙን የጠራሽው ሰው ይሄዳል" አለችኝ። "አይቻለሁ። እንዴት እንዳየሁ አትጠይቂኝ።"

አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም ጮክ ብዬ ስጠራ እንኳ ልቤ አንድ ጊዜ ይመታል።

ላስ ቬጋስ እንደደረስኩ ያገኘሁት ሥራ ፓራዳይዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ነበር። መስኮት የለውም። የሚመጣው ነጭ አንሶላ፣ የሚሄደው ነጭ አንሶላ። የመጀመሪያ ቀን ያ ሁሉ ነጭ ጨርቅ በጋሪ ተቆልሎ ሲመጣ መግነዝ መስሎኝ አማተብኩ። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዷ ከወዲያ፣ አንዷ ከወዲህ ጫፉን ይዛ ነው። ከወዲያ በኩል የቆመችው ዴብራ ነበረች። ረጅም ናት፣ ፊቷን በዱቄት አንጥታ ፀጉሯን እንደ ከሰል ያጠቆረች። ሠራተኛው ሁሉ ይሸሻታል። ከሺፍት ስትወጣ ቤዝ ጊታር፣ ያንን ወፍራም ክር ያለውን ጊታር፣ ትመታለች። እኔ ግን ሁልጊዜ ጥቁር ለብሳ ሳያት አሳዘነችኝ፤ ማን ሞቶባት ይሆን እላለሁ።

አንድ ቀን የማሽኑ ጩኸት ይሸፍነኛል ብዬ ወደ ሱዳን ስንሻገር በረሃ ላይ ለቀረችው እህቴ አንጎራጎርኩ። ማሽኑ ባንዴ ቀጥ አለ። ድምፄ ብቻውን ቀረ። ዴብራ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘች አፍጥጣ ታየኛለች። በምልክትም በቃልም አድርጋ ዓርብ አንድ ቦታ መጥቼ ይህንኑ እንዳደርግ ለመነችኝ። "ማን ሞተ?" አልኳት፤ ይህን የምታህል እንግሊዝኛ ነበረችኝ። ፊቷ ተለወጠ። ወንድሟ ቶሚ በዚያው ዓመት ሞቶ ኖሯል።

እንግዲህ እኔ ለቅሶ ነው ብዬ ተነሣሁ። መጀመሪያ መቃብሩን አሳዪኝ አልኳት። ሄንደርሰን ወደሚባለው ጎረቤት ከተማ፣ ዋተር ስትሪት አጠገብ አውቶቡስ ቀይረን ወሰደችኝ፣ አፈሩን ነካሁ። ዓርብ ዕለት ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ስንዴና ባቄላ በትልቅ ድስት ንፍሮ ቀቅዬ፣ ድስቱን በሻሽ አስሬ ደረስኩ። በሩን ስገፋው ቤቱ ሙሉ ሰው ጥቁር ለብሷል። ወንዶቹ ሳይቀሩ ኩላቸው በጉንጫቸው ላይ ወርዷል። ይህ ቶሚ ምንኛ የተወደደ ሰው ነበር አልኩ። ፈረንጅ ሐዘን አያውቅም ያሉኝን ሰዎች በልቤ ወቀስኳቸው።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ አውጥተው አቆሙኝ። እሱ ብቻ ነው ያስፈራኝ፤ አልቃሽ ከሰው መሐል ነው የምትቆመው እንጂ ከሰው በላይ አትቆምም። ዴብራ ጊታሯን ትመታለች፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። እኔ ደረቴን እየመታሁ የቶሚን ስም ጠራሁ፣ መኪና ይጠግን የነበረ እጁን አነሣሁ፣ ሲደነግጥ የሚጠራት እህቱ ይቺውና ቆማለች አልኩ። በአማርኛ ነው እንግዲህ፣ አንድም ሰው ቃሉ አልገባውም። ግን ተላቀሱ። ዴብራም ጊታሯን አቅፋ ተቀመጠች። ስጨርስ ወርጄ አንድ በአንድ እየጨበጥኩ "እግዜር ያጥናችሁ" አልኩ፣ ንፍሮውንም በእፍኝ በእፍኝ አደልኩ። ከቢራቸው ጋር በሉት። የቤቱ ባለቤት መጥቶ ብር ሲያስጨብጠኝ ለሐዘንተኛ የተዋጣ መስሎኝ ወስጄ ለዴብራ ሰጠኋት። ኮንሰርት እንደነበር የገባኝ ሰኞ፣ አንሶላ እያጠፍን ዴብራ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ስታስረዳኝ ነው።

እኔ አልሳቅሁም። የአክስቴ ቃል ትዝ አለኝ። መቃብሩን ባላይ ኖሮስ?

ዴብራ እንዳልተዋት ለመነችኝ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን፤ በባዶ አልዘፍንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝግጅት ከመጀመሩ በፊት በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጬ እቀመጣለሁ፣ ዴብራ አጠገቤ ትቆማለች፣ የተሰለፈውን ሰው "ማን ሞተብህ? ማን ሞተብሽ?" እንላለን። ሦስቱን ጥያቄ እንጠይቃለን። የቀብር ወረቀት፣ የመቃብር ፎቶግራፍ ያሳዩናል። ከመሐላቸው ሁለት ሦስት ሙት መርጬ ለእነሱ አወርዳለሁ። ሰው ለዚህ ነው የወደደን። ሌሎቹ ባንዶች የሞት ዘፈን ይዘፍናሉ፤ እኛ ጋ ሟቹ የታወቀ ነው። ንፍሮውም ልማድ ሆኖ ቀረ፣ ያለ ንፍሮ ከመጣሁ ያኮርፋሉ።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልንገራችሁ፤ የሚማረው ሰው ባይኖርም ተጽፎ ይቅር። ሙሾ በጉሮሮ ከሆነ በአንድ ሳምንት ድምፅ ይዘጋል። ከጎድን አጥንት ሥር ነው የሚነሣው። አጀማመሩ ለራስ እንደሚያወሩት ነው፣ ዝቅ ብሎ። የሟቹ ስም በስንኙ መጀመሪያ አይጠራም፣ ሰው ሳይዘጋጅ ይደነግጣል። ትንፋሽንም እስከ መጨረሻው አይጨርሱም፤ ሕዝቡ የሚቀበልበትን ቦታ መተው ነው። ከበሮ መቺ አልነበረንም። ማይክራፎኑን አስጠግቼ ደረቴን እመታ ነበር፣ ድምፅ የሚቆጣጠረው ሰውዬ ዕቃዬን ልትሰብሪ ነው ብሎ ጮኸ። በኋላ ግን ያ ድምፅ የእኛ መለያ ሆነ። ከአንገቴ በታች ያለው ቦታ ሁልጊዜ ይበልዝ ነበርና ሰብለን ሳጠባ እንኳ በዚያ በኩል አላስጠጋትም ነበር። በኋላ ከውስጥ የምትደረግ የጥጥ ትራስ ሰፋሁ።

አለቆችም አየሁ። አንዱ የካዚኖ ላውንጅ ኃላፊ ፈገግ እንድል ይፈልጋል፤ ደንበኛ ካለቀሰ አይጠጣም ይላል። የሚያለቅስ ሰው ይበልጥ እንደሚጠጣ ሲያይ ፈገግታውን ተወልኝ። የአገሬ ሰውም ያማኝ ነበር። እሑድ ነጭ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስቆም ዓርብ ጥቁር ለብሳ ከሰይጣኖች ጋር ነው የምትውል ይሉኛል። የንስሐ አባቴ ጠርተው ጠየቁኝ፤ በሩ ላይ ተቀምጬ የማደርገውን ስነግራቸው የሟቾቹን ክርስትና ስም እጠይቅ እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። የላቸውም አልኳቸው።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ።

አንድ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከለመድነው የሰፋ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ድምፃችንን በሸክላ የሚያወጣ ሰው መሣሪያውን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ቶሎ በሉ ይላል። በሩ ላይ ኤሚ የምትባል ልጅ መጣች፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት። አባቴ ሞተ አለች፣ ስሙ ራስል። እጁ ምን ይሠራ ነበር? ቧንቧ ይጠግናል፣ ሲሠራ ያፏጫል። ሲደነግጥ ማንን ይጠራል? እኔን አለች፣ ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ሦስተኛውን ልጠይቅ ስል ከውስጥ ጠሩን። ዴብራ አየችኝ። ለቅሶዋ እውነት ነበር፣ ዓይኗ እውነት ነበር፣ ሸክላ የሚያወጣው ሰውም ይቸኩላል። ተነሥቼ ገባሁ።

እንዲህ አልኩለት፤

ቧንቧውን ጠጋኙ፣ ውሃ አሳዳሪው፣
ለገዛ ዓይኔ እንባ ቁልፉ ወዴት ነው?

አዳራሹ ሙሉ ሰው ደረቱን እየመታ ራስል፣ ራስል ይላል። ከኋላ በሩ አጠገብ ኮፍያውን በእጁ የያዘ ሰው ቆሟል። እያየኝ ነው። አያለቅስም፣ አይንቀሳቀስም። ኤሚ ዘወር ብላ ስታየው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ዴብራ መምታት አቆመች። ሰውዬው በሕዝቡ መሐል መጥቶ ከፊቴ ቆመ፣ ትልልቅ እጆች አሉት።

"ራስል እኔ ነኝ" አለኝ በትሕትና። "እዚህ ነኝ።"

ተጣልተው ኖሯል። በንዴት ነው የገደለችው፣ በአፏ። ሊፈልጋት ነው የመጣው። አቅፎ ይዟት ሄደ፣ ለኔም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ወር ሳይሞላ ሥራ ላይ እንዳለ፣ ሰው ቤት ወለል ሥር ቧንቧ ሊያይ ገብቶ፣ ልቡ ቆመ።

ኤሚ ልብስ ማጠቢያው ድረስ መጣች። የቀብሩን ወረቀት ይዛለች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሰደበችኝም። አሁን እውነት ነው፣ አሁን በይለት አለችኝ። አንድ ቃል አልወጣልኝም። አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ፣ እሷም ወረቀቷን አጥፋ ሄደች። ሁለት በደል ነው የበደልኳት፤ በሕይወት እያለ አልቅሼበት ሲሞት ዝም አልኩ። ይህን ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ "የሰውን ዕድሜ የሚቆርጥ እግዚአብሔር ነው፣ አንቺ ማነሽ?" ብለው ተቆጡኝ። ቁጣቸው ለጊዜው ደስ አለኝ። ቤቴ ስደርስ ግን አክስቴ ወርቄ ነበረች በጆሮዬ የምትናገረው።

ስድስት ዓመት ተውኩት። የሆቴል ክፍል አጸዳሁ፣ አልጋ አነጠፍኩ። ዴብራ ሌላ ዘፋኝ አልያዘችም። በየሳምንቱ ትመጣና ከሰብለ ጋር ካርታ ተጫውታ ትሄዳለች፣ ስለ ሥራ አታነሣም። አንድ ቀን እኔው በራሴ መቃብሩን በዓይኔ ካላየሁ በስተቀር አንድ ስም እንዳልጠራ ከተስማማሽ እመለሳለሁ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ከዝግጅት በፊት ባለው ቀን እየዞርን መቃብር እንጎበኝ ነበር፤ እሷ እየነዳች፣ እኔ አፈር እየነካሁ። እንዲህ ሆነን አረጀን። የሚሰሙን ልጆችም ሸበቱ።

ከዚያ ይህ በሽታ መጣ። ስትሪፑ በሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና ላይ መብራቱ ይበራል፣ የሚያየው ሰው የለም። ሰብለ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ነበረች፣ ቤት ዋለች። የአገሬ ሰው፣ ያ ሲያማኝ የኖረው፣ ይደውልልኝ ጀመር። ቀብር አሥር ሰው ብቻ ነው፣ ለቅሶ መቀመጥ የለም፣ እማማ እባክዎ በስልክ ይበሉልን። መቃብሩ ጋ መሄድ ስለማይቻል ሣጥኑን በስልክ ቪዲዮ ያሳዩኛል። የልጅ ልጆቼ እንዳይሰሙ የሰብለ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ከኮቶቿ መሐል ቆሜ አወርድ ነበር። በአንድ ሳምንት አራት ያወረድኩበት ጊዜ አለ። 

በበጋው ዴብራ ታመመች። ሜዲካል ዲስትሪክት በሚሉት ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች አንዱ ውስጥ አስገቧት፣ ጠያቂ አይገባም። በአምስተኛው ቀን ደወለች። በሁለት ቃል መሐል ትንፋሽ ትፈልጋለች።

"ነገ ቱቦ ያስገቡልኛል፣ ያስተኙኛል" አለችኝ። "የኔን በይልኝ፣ አስካ።"

"የምን ያንቺን?"

"ታውቂዋለሽ። ለስንቱ ሰው ስታለቅሺ አጅቤሻለሁ። አንዱም የራሱን አልሰማም። እኔ ልስማ።"

"አይሆንም ዴቢ።"

"ራስል ነው?"

"ራስል ነው።"

የኦክስጅኑን ፉጨት እሰማለሁ። "ልቡ በሽተኛ ነበር" አለች። "ስንት ዓመት ነገርኩሽ።"

"ነግረሽኛል።"

"ነገ ጠዋት እጠብቃለሁ" ብላ ዘጋችው። እንዲህ ናት፤ ተከራክራ አታውቅም፣ ሰዓት ትነግርሻለች።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ባወርድላት የምገድላት እኔ ነኝ። ሳላወርድላት ብትሞት ደግሞ የጠየቀችኝን አንድ ነገር ከልክያት ሄደች ማለት ነው። ሰብለ ተነሥታ አገኘችኝ። የዴብራን ስም ሳልጠራ ባወርድላትስ አልኳት።

"እማዬ፣ አንቲ ዴቢ እኮ ታውቅብሻለች" አለች። "ደግሞ እሷ ናት የጠየቀችው። አንቺ እሷን ሪስፔክት ማድረግ ነው ያለብሽ።"

"ብትሞትስ?"

ሰብለ ቁልፏን አነሣች። "አይ ዶንት ኖው፣ እማ። ግን እኔ ነኝ የምነዳው፣ ብቻሽን አይደለሽም።"

መኪና ማቆሚያው ጣሪያ ላይ ወጣን። ከፊት ለፊት መስኮቶቹ ይታያሉ፣ የእሷ የትኛው እንደሆነ አናውቅም። አንዲት ነርስ ስልኩን ዴብራ ጆሮ ላይ እንደያዘችላት ነገረችን፣ አሥር ደቂቃ ነው ያለን አለች። የመኪናውን መስታወት ዝቅ አድርጌ ማስኬን አወረድኩ። ደረቴን እንድመታ ስልኩን ሰብለ ያዘችልኝ። ከመጀመሬ በፊት በልቤ ተሳልኩ። እመቤቴ ሆይ፣ ይህችን ሴት ካነሣሽልኝ ከዛሬ በኋላ ከአፌ ሙሾ አይወጣም፤ ለማንም፣ ዘመድም ቢሆን። ያለኝ ይህ ድምፅ ብቻ ነው፣ ውሰጂው አልኳት። ከዚያ አወረድኩ።

ክሯን ስትነካው ምድር ያቃሰተላት፣
እኔን ማን ይጥራኝ፣ ድምፄን ማን ይምራት?
ጥቁር ለብሳ ኖራ ሰው ሁሉ ሲፈራት፣
ልቧ ነጭ መሆኑን እኔ ነኝ ያየሁላት።

ዴብራ አልኩ፣ ሦስት ጊዜ። ስሟ ከአፌ ሲወጣ ሰውነቴን ብርድ ቆረጠው፣ በዚያ ሐሩር። ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ታ፣ ታታ፣ ታ። በጥፍሯ የአልጋዋን ብረት እየመታች ታጅበኛለች። ቀና ስል ከየመኪናው ሰዎች ወርደዋል። እነሱም እንደኛ መግባት ያልተፈቀደላቸው፣ መስኮት እያዩ የሚውሉ ናቸው። ተራርቀው ቆመው ያለቅሳሉ። የማንን ስም እንደጠራሁ አያውቁም። ነርሷ ሰዓቱ ደረሰ ስትል ጨረስኩ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛች። አሥራ ዘጠኝ ቀን ስልኩን ከደረቴ ላይ አላነሣሁም። በእንቅልፌ ኮፍያውን በእጁ የያዘ ሰው በር ላይ ይቆማል፣ እነቃለሁ። በሃያኛው ቀን ነርሷ ደውላ ዓይኗን ገለጠች አለችን። ሰብለ እልል ስትል እኔ አልቻልኩም፣ በስለት የሰጠሁት ድምፅ ከጉሮሮዬ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር።

ይኸው ነው ምክንያቱ። ከዚያ ወዲህ ስንቶቻችሁ ደወላችሁ፤ አንዲቱ እንዲያውም ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኜ አባቷን ያለቀስኩላት ልጅ ናት፣ ኋላ እናቷም ሄደችባት። ለአባቴ ብለው ለእናቴ ይከለክሉኛል? አለችኝ። ምን ልበላት? የእናቷን ስም ብጠራ ዴብራ ትወድቅብኛለች። በዚያ ስለት ላይ ነው የቆመችው።

ዴብራ ስለ ስለቱ ስነግራት ሥራችንን ሳታማክሪኝ ሸጥሽው ብላ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። አሁን ፓራዳይዝ ውስጥ ባለች አፓርትመንቷ ናት፣ ጥቂት ስትራመድ ይደክማታል። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት እደውላለሁ። "አለሽ?" እላለሁ። "አለሁ" ትለኛለች፣ በአማርኛ፣ አስተምሬያት ነው። ሌላ አናወራም፣ እዘጋዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አላነሣችም። ደግሜ ደወልኩ፣ አላነሣችም። ሰብለን ከእንቅልፏ አስነሥቼ በነጠላ ጫማ ወጣን። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በሩን ስደበድብ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ከፈተችልኝ። ሻወር ውስጥ ነበረች። ሽበቷን ያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት፣ ማጥቆሩን ትታዋለች። እዚያው ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እስክሞት እንዲህ ልትሆኚ ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ስሞትስ? ስለት አለብሽ።"

ይህን ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ስሸሸው ነበር። "አላወርድልሽም" አልኳት። "አፈርሽ ላይ ቆሜ ዝም እላለሁ። ሰውም ይታዘበኛል።"

"ይታዘብ" አለች። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅኳት። "እኔ የራሴን ሰምቻለሁ። ትንሽ አዘገየሽው እንጂ ጥሩ ነበር።"

 ጣት ላይ የምትደረገዋን የኦክስጅን መለኪያ ከውስጥ አምጥቼ ጣቷ ላይ አደረግኩላት። ዘጠና አራት አለ። ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስ እጇን ይዤ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ማስኬን አስተካክዬ ሰብለ ወደምትጠብቅበት ወረድኩ።